እትዬ ሳንሱርና ባለቀለሙ ፕሪንተር

እትዬ ሳንሱርን አላውቅም የሚል ሰው እኛ ቢሮ ሠርቻለሁ ቢላችሁ ዋሽቷል። ስማቸው ይህ አይደለም፤ እናት አባታቸው ያወጡላቸው ደህና ስም አላቸው፤ ግን ያ ስም ያለው መታወቂያቸው ላይ ብቻ ነው። ፊት ለፊት «እትዬ» እንላቸዋለን፤ ዞር ሲሉ «ሳንሱር»ን እንጨምርበታለን። እሳቸውም ያውቃሉ። አንድ ቀን ሒሳብ ሹሙ ከኋላቸው «ሳንሱር መጣች» ሲል ሰምተውት «መጡ ይባላል፤ ሳንሱርም ብሆን በዕድሜ እበልጥሃለሁ» ብለውት አለፉ። ሰውየው ከዚያ ቀን ጀምሮ እሳቸው ሲመጡ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ ነው የሚቀመጠው።

ስሙ ደግሞ በከንቱ አልወጣላቸውም። እኛ የውሃ ፓምፕና ቧንቧ ነው የምንሸጠው። ቢሮአችን ከጎማ መሸጫው በላይ ያለው ፎቅ ላይ ነው፤ አንድ ረጅም ክፍል፣ ጫፉ ላይ ባለመስታወት በር የሥራ አስኪያጁ ክፍል፣ መሃል ላይ ጠባብ ኮሪደር፣ የኮሪደሩ አፍ ላይ የእትዬ ጠረጴዛ። ጸሐፊ ናቸው። ያለን አንድ ፕሪንተር ጥቁር ብቻ የሚያትም አሮጌ ነገር ነበር፤ እሱም በአጭር ገመድ ከእትዬ ኮምፒውተር ጋር ብቻ የታሰረ። ስለዚህ የሚታተም ነገር ያለው ሁሉ በፍላሽ ይዞ እሳቸው ፊት ይሰለፋል። እሳቸው ፍላሹን ይሰኩታል፣ ይከፍቱታል፣ መነጽራቸውን ያወርዳሉ፣ ከዚያ ያነባሉ። ሳያነቡ አያትሙም። «ይሄ ዓረፍተ ነገር ጀምሮ የት ገባ?» ይላሉ። «ይሄን ደብዳቤ ደንበኛው ቢያነበው ይከሰናል» ይላሉ። እኔ የሽያጭ ክፍል ነኝ፤ አንዴ የጻፍኩትን የዋጋ ማቅረቢያ አንብበው ሲጨርሱ ቀና ብለው «ልትሸጪለት ነው ወይስ ልታስፈራሪው?» አሉኝ። በንዴት ጨሼ ተመልሼ ጻፍኩት። ደንበኛው ገዛ። ያን ለእሳቸው አልነገርኳቸውም፤ ይኮሩብኛል።

ሰልፉ ግን ለህትመት ብቻ አልነበረም። አሮጌው ፕሪንተር አንድ ገጽ እስኪያወጣ ሰው ምን ይሠራል? ያወራል። ስለ አማቱ፣ ስለ አከራዩ፣ እንቅልፍ ስላጣበት ነገር፣ ሁሉን እትዬ ፊት ይዘከዝካል። እትዬ «እህ» እያሉ ያነባሉ፤ መጨረሻ ላይ ወረቀቱንም ምክሩንም አንድ ላይ ይሰጣሉ። እዚያ ቢሮ ውስጥ ጉዱን የማያውቁት ሰው የለም። የአንዱን ጉድ ከእሳቸው አፍ የሰማ ደግሞ አንድም ሰው የለም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እኔ እንኳን ስንት ጊዜ ነገር ላወጣጣቸው ሞክሬ «አንቺ ልጅ፣ ሥራ የለሽም?» ተብዬ ተመልሻለሁ።

ቤታቸው ባዶ ነው። ባላቸው ሞተዋል፣ ልጆቻቸው አድገው በየከተማው ተበትነዋል፣ ሲደውሉም ቸኩለው ነው። አንድ ቀን አብረን በእግራችን ስንወርድ «ማታ ሬዲዮ የምከፍተው ዜና ፈልጌ እንዳይመስልሽ» አሉኝ፤ «'እንደምን አመሻችሁ' የሚል ሰው እንዲኖር ነው።» ይህን ሲሉ እየሳቁ ነው። እኔ ግን አልሳቅኩም።

ወደ ሥራ አስኪያጃችን ልምጣ። እሱ ከእኔ ጋር የተቀጠረ ሰው ስለሆነ እዚህ አንቱ አልለውም፤ ቢሮ ውስጥ የምለው ይበቃዋል። የመጀመሪያውን የቅጥር ደብዳቤውን የጻፉለት እትዬ ናቸው፤ ስለዚህ ዛሬም «ልጄ» እና «አንተ» ይሉታል፣ እሱም አይቆጣም። ክፉ ሰው አይደለም። አዲስ ነገር ሲያይ ግን ልቡ ይጠፋል። የመጠጥ ውሃ ማቀዝቀዣ የገባልን ቀን እንኳ ቆመን ንግግር ሰምተናል። ባለፈው ዋናው መሥሪያ ቤት ለሥልጠና ሄዶ ሲመለስ ደግሞ አፉ ላይ አንዲት ቃል ተለጥፋ መጣች፦ ኔትወርክ።

ሰበሰበን። «ከእንግዲህ ፍላሽ የለም፣ ሰልፍ የለም» አለ። «ባለቀለም ፕሪንተር ይገባልናል። በኔትወርክ ነው። ሁላችሁም ከወንበራችሁ ሳትነሱ ታትማላችሁ።» አጨበጨብን። ከዚያ ጣቱን ቀሰረ፦ «ግን የባለቀለም ህትመት ቀልድ አይደለም። በዚህ ማሽን የግል ወረቀት ያተመ፣ ማንም ይሁን ማን፣ በዲሲፕሊን ይጠየቃል።» ለዚህም አጨበጨብን። የሰው ልጅ አንዴ ማጨብጨብ ከጀመረ ለምን እንደሚያጨበጭብ አያጣራም።

ስብሰባው ሲበተን እትዬን ነጠል አድርጎ «የህትመቱ ሥራ ስለቀለለ ከሰኞ ጀምሮ መጋዘን ቢሆኑልን» አላቸው። «ደመወዝዎ አይነካም። ሰላም ያገኛሉ እትዬ፤ እዚያ ጫጫታ የለም።»

ጫጫታ የለም ያለው ነገር ነው የገደላቸው። መጋዘናችን ከከተማው ዳር ያለ የቆርቆሮ ቤት ነው። ውስጡ ፓምፕና ቧንቧ ነው፤ ከሰው ወገን አንድ ጥበቃ አለ፣ እሱም ጆሮው አይሰማም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው እውነት ነው፤ እኛ እኮ ሴትየዋን ከመካከላችን የሚያወጣቸውን ነገር ነው በጭብጨባ የተቀበልነው።

እትዬ መጥተው ከጎኔ ተቀመጡ። «አሮጌ ፓምፕ እንኳ ተበላሽቶ ነው መጋዘን የሚወረወረው» አሉ። «እኔ ምኔ ተበላሸ?» እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። እጃቸውን ያዝኩ። «እዚያ ሬዲዮ ይዤ ልሂድ እንዴ?» አሉኝ። ከዚያ አፍንጫቸውን ተናፈጡ፣ መነጽራቸውን በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉ። መልሰው ሲያደርጉት ዓይናቸው ተለወጠ። ያን ዓይን አውቀዋለሁ። አንድ ጊዜ የጎማ መሸጫው ባለቤት መኪናውን በራችን ላይ እያቆመ አላስገባ ሲለን ያን ዓይን አይተነው ነበር፤ ከዚያ በኋላ መኪናውን ሌላ ቦታ ነው የሚያቆመው። ምን እንዳደረጉት እስከ ዛሬ አላወቅንም።

ፕሪንተሩ በትልቅ ካርቶን መጣ፤ አሮጌው ያኔውኑ ተነቅሎ ወደ መጋዘን ተላከ። የኔትወርኩ ገመድ መሰኪያ ያለው እትዬ ጠረጴዛ ፊት ለፊት፣ ኮሪደሩ አፍ ላይ ስለሆነ እዚያው ተተከለ። ሊገጥመው የመጣው ባለሙያ ራሰ በራ፣ ቶሎ ቶሎ የሚናገር ሰው ነው። ቀለሞቹን አንድ በአንድ ከማሸጊያቸው አውጥቶ ከተተ፤ ጥቁር፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ አንዱ ደግሞ ቀይ ነው ሮዝ ነው ብለን የተከራከርንበት። ገመዱን ሰካ፣ ወረቀት ሞላ፣ በየኮምፒውተራችን እየዞረ ፕሮግራሙን ጫነልን። «ስሙን ምን ልበለው? በየኮምፒውተራችሁ ላይ የሚመጣው ስም ነው» ሲል ሥራ አስኪያጁ ሳያስብ «ዕድገት» አለ። የሙከራ ወረቀት ሲወጣ ሁላችንም ተራ በተራ ዳሰስነው። ቀለሙ እጅ ላይ አይለቅም። ሥራ አስኪያጁ በመስኮት ብርሃን አየው፣ ገልብጦ አየው፣ ሥራው ተጠናቋል ብሎ ፈረመና ለማግስቱ ስብሰባ ሊዘጋጅ ወደ ክፍሉ ገባ።

ባለሙያውን ምሳ በልተሃል ወይ ያለው ሰው አልነበረም፤ ከእትዬ በቀር። ሻይ በዳቦ አመጡለት። ሰውየው ሲበላ ከጎኑ ቆሙ።

«ልጄ፣ እንዲያው ላስቸግርህ። ሰው ከወንበሩ ሆኖ ካተመ ወረቀቱ እዚህ ሜዳ ላይ ሊወድቅ ነው። ሚስጥር ቢሆንስ? ባለቤቱ ሳይመጣ እንዳይወጣ ማድረግ ይቻላል?»

«ይቻላል እማማ» አለ በሞላ አፉ። «ወረቀቱን ማሽኑ ይዞ ያቆየዋል። ባለቤቱ መጥቶ እዚህ የሚስጥር ቁጥር ሲያስገባ ይለቀዋል። ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱን ቁጥር ልስጥ?»

«አይ፣ እነዚህ የልደት ቀናቸውን የሚረሱ ሰዎች ናቸው። ለሁሉም አንድ ይበቃል። እኔ እነግራቸዋለሁ።»

ሰውየው ከፍቶ አሳያቸው፤ ቁጥሩን ሲያስገቡ በጨዋነት ፊቱን አዞረ። እትዬ በአንድ ጣት እየነኩ በሌላው እጃቸው ከለሉት። እኔ ዓይኔ ኮምፒውተሬ ላይ፣ ጆሮዬ እዚያ ነበር። ዞር ሲሉ አዩኝ።

«አንቺ ምንም አልሰማሽም።»

«ምኑን?» አልኳቸው።

«ጎበዝ።»

ባለሙያው ዳቦውን ጨርሶ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሄደ። ሌላ ሥራ ራቅ ያለ ከተማ ይጠብቀው ነበር።

ማግስቱ ከባድ ቀን ነበር። ከዋናው መሥሪያ ቤት እንግዶች ይመጣሉ፤ ቅርንጫፋችንን አይተው ከወደዱት አዲሱን ዓይነት ፓምፕ እኛ እንድንሸጠው ይሰጡናል። ሥራ አስኪያጁ ከሁላችንም ቀድሞ ገብቷል። ስንመጣ ክፍሉ ውስጥ አጎንብሶ የኮምፒውተሩን መዳፊት ሲጠቀጥቅ አገኘነው። እኔ የእንግዶቹን የማብራሪያ ወረቀት ማተም ስለነበረብኝ ኮምፒውተሬን ከፈትኩ፣ «ዕድገት»ን መረጥኩ፣ ማተሚያዋን ነካሁ። ዝም። ደገምኩ። ዝም። ሄጄ ሳየው ትንሿ መስኮቱ ላይ «የሚስጥር ቁጥር ያስገቡ» ይላል።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ እኛ በሕይወታችን ራሳችን አትመን አናውቅም። ፍላሽ ሰጥተን፣ ተቆጥተን ወይ ተመክረን፣ ወረቀታችንን ተቀብለን መሄድ ነው የምናውቀው። ማሽን ትእዛዝን እንደሚያስቀምጥ፣ እንደሚቆልል፣ ማን ነግሮን? ይዞ ያቆየዋል ሲባል የሰማሁት እኔ እንኳ የተጫነው ሁሉ ይቆለላል ብዬ አላሰብኩም። አልወጣም ካለ አልሰማም ማለት ነው ብለን እንቅልፋሞች የተኙበትን ቤት መጥሪያ እንደሚጫን ሰው እንጫናለን። ሒሳብ ሹሙ ይጫንና ሮጦ ሄዶ ያያል፣ ተመልሶ ይጫንና ሮጦ ያያል። «ዕድገት የለም» እያለ ነው የሚመላለሰው። ሥራ አስኪያጁ ሲሰማ ደሙ ፈላ። ወጥቶ ክዳኑን ከፈተ፣ ዘጋ። ወረቀቱን ከመሳቢያው አውጥቶ አራግፎ መለሰ። የሚስጥር ቁጥር ብሎ የድርጅቱን የምሥረታ ዓመት ሞከረ፣ የልደቱን ቀን ሞከረ፣ የመኪናውን ታርጋ ሞከረ። ማሽኑ ሁሉንም እምቢ አለው። ባለሙያው ጋ ደወለ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ሰውየው የውሃ ሽታ ሆኗል።

ይህ ሁሉ ሲሆን እትዬ ምን እያደረጉ ነው? ዕቃቸውን እየሸከፉ። ያውም በፕሪንተሩ ካርቶን ውስጥ። ኩባያቸውን በአሮጌ ወረቀት ይጠቀልላሉ፣ ያስገባሉ፣ ያስባሉ፣ ያወጣሉ፣ እንደገና ይጠቀልላሉ። ሒሳብ ሹሙ «እትዬ፣ ይሄ ነገር እኮ እምቢ አለን» ሲላቸው ቀና እንኳ ሳይሉ «እኔ የመጋዘን ሰው ነኝ፤ ፕሪንተር ምኔ ነው?» አሉት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ሳቄን ለማፈን ጠረጴዛ ሥር እስክርቢቶ እንደወደቀበት ሰው ጎነበስኩ።

እንግዶቹ ደወሉ። ታች ጎማ መሸጫው ጋ ደርሰዋል። ሥራ አስኪያጁ አመድ መስሎ ከክፍሉ ወጣና እትዬ ጠረጴዛ ፊት ቆመ።

«እትዬ።»

«አቤት ልጄ።»

«ማሽኑ የሚስጥር ቁጥር ይጠይቃል።»

«አይቻለሁ።»

«ባለሙያው ምናልባት ለእርስዎ ነግሮዎት ይሆን?»

«አዎ፣ እኔው ነኝ ያስገባሁት።»

«ታዲያ ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ ስንሆን?»

«ማን ጠየቀኝ? መጋዘን ይሂዱ ነው የተባልኩት። ቁጥር አለዎት ወይ ያለኝ የለም።»

ምን ሊላቸው እንደነበር አላውቅም፤ ደረጃው ላይ የእንግዶቹ ኮቴ ተሰማ። እትዬ ተነሱ። መነጽራቸውን ጠረጉ፣ አደረጉ፣ በትከሻቸው ከልለው ቁጥሩን አስገቡ። ማሽኑ አጉረመረመ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ የመጀመሪያውን ወረቀት አወጣ።

ዝሆን ነው።

ሙሉ ገጽ ዝሆን፣ አረንጓዴ ሣር ላይ ቆሞ፣ ኩምቢውን ወደ ሰማይ የዘረጋ። ከሥሩ በትልልቅ ባለቀለም ፊደል «ዝሆን ውሃ በኩምቢው ይስባል» ይላል። ሁለተኛው ወረቀት ወጣ፤ ዝሆን። ሌላው ወጣ፤ እሱም ዝሆን። ሥራ አስኪያጁን አየሁት። ላቡ ከጆሮው ሥር እየወረደ ነው። ያኔ ገባኝ። ልጁ ትምህርት ቤት የእንስሳት ሥዕል አምጪ ተብላለች፤ አባት ተብዬው ማለዳ ሁላችንንም ቀድሞ የመጣው ለስብሰባው አይደለም። አልወጣ ሲለው ደግሞ እንደኛው ተጭኗል። እንደውም ከኛ ብሶ ነው የተጫነው። በዚያ ስብሰባ ጣቱን ቀስሮ ዲሲፕሊን ያለን ሰው መሆኑን ሳስብ፣ ልዋሽ አልፈልግም፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ማሽኑን ሊያጠፋ እጁን ሲሰድ እትዬ እጁን ያዙት። «ተው፤ ከመሃል ካቋረጥከው ወረቀቱ ውስጡ ይቀረቀራል» አሉት። በዚህ መሃል እንግዶቹ ከኋላችን ደረሱ። ሁለት ናቸው፤ አንዲት ደርበብ ያሉ ትልቅ ሴትና ቦርሳቸውን የያዘ ሰው። ሴትየዋ ማን ምን ይላል ሳይሉ ጎንበስ ብለው አንዱን ዝሆን አነሱ። አነበቡት። ከዚያ የሚከተለውን ዝሆን አዩት።

«ይሄ ምንድነው?» አሉ።

ሥራ አስኪያጁ አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም። ማሽኑ ግን ሌላ ዝሆን አወጣ።

«የአዲሱ ፓምፕ ማስታወቂያ ነው እመቤቴ» አሉ እትዬ፣ ዓይናቸው ሳይርገበገብ። «ሐሳቡ የሥራ አስኪያጃችን ነው። ደንበኛን ይሄን ያህል የፈረስ ጉልበት አለው ሲሉት አይገባውም። ዝሆን ሲሉት ይገባዋል።»

«ጽሑፉ የልጅ ይመስላል።»

«እንዲያ የሆነው ለዚህ ነው። ልጅ የገባው ነገር ለሁሉም ይገባል።»

«ይሄ ሁሉስ?»

«ለየደንበኛው ነዋ።»

ሴትየዋ ወረቀቱን ራቅ አድርገው አዩት። አብሯቸው የመጣውን ሰው አሳዩት። «ቀላል ነው፤ ወድጄዋለሁ» አሉ። ሥራ አስኪያጁ ግድግዳውን ተደገፈ።

ዝሆኖቹ አለቁ ብለን ስንተነፍስ የሒሳብ ሹሙ ፎቶ ብቅ አለ። ከረባት አድርጎ፣ ፀጉሩን ወደ ጎን ተበጥሮ፣ ፈገግ ብሎ። ሌላ ድርጅት ሥራ ለመቀጠር ያዘጋጀው የሥራ ልምድ መግለጫ ነው፤ እሱም ደጋግሞ ተጭኖ ስለነበር ፈገግታው ተከታትሎ ሊወጣ ነው። ክው አለ። ሥራ አስኪያጁ ከዚያ ሁለት እርምጃ ርቆ ነው ያለው። እትዬ የመጀመሪያው ወረቀት ገና ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ አንድ ዝሆን አነሱና ከላዩ አለበሱት። የወጣውን ሁሉ እየሰበሰቡ፣ ፊቱን ወደ ታች እያደረጉ፣ በዝሆን ሸፍነው ለሒሳብ ሹሙ አቀበሉት። «ያንተ ድርሻ ማስታወቂያ ነው፤ አስቀምጥልን» አሉት።

«አንብበውታል እንዴ እትዬ?» አለ በሹክሹክታ።

«መነጽሬን መቼ አደረግኩ?» አሉት። መነጽራቸው አፍንጫቸው ላይ ነው።

ከእሱ ቀጥሎ ከማብራሪያው አስቀድሜ በድብቅ የላክኩት የእኔ የግል ወረቀት ወጣ። የእኔን አልነግራችሁም። እትዬ አይተውታል፤ ይበቃል። ከሁሉም በኋላ የእንግዶቹ ማብራሪያ ወጣ፣ ቀለሙ ልዩ ነው። እትዬ አስተካክለው፣ ገጹን ቆጥረው፣ አንድ የተሳሳተ ቃል በእስክርቢቶ አርመው ለሥራ አስኪያጁ ሰጡት። እሱም እንግዶቹን ይዞ ገባ። በሌላ እጁ አንድ ዝሆን ይዞ ነበር የገባው፤ ሴትየዋ «እሱንም ይዘኸው ና» ብለውት።

ስብሰባው ሲያልቅ ሴትየዋ እየሳቁ ወጡ፤ ፓምፑ ለእኛ ተሰጥቷል። ሥራ አስኪያጁ እስከ ታች ሸኝቷቸው ተመልሶ መጣ። ሞኝ አይደለም፤ ማን ምን እንደሠራበት ገብቶታል። ከጠዋት ጀምሮ ያላበው ላብ ሁሉ ከማን እንደመጣ ያውቃል። ሁላችንም ጩኸት እየጠበቅን አንገታችንን ቀበርን። 

እትዬ ካርቶናቸውን አቅፈው ተነሱ።

«በል ልጄ» አሉ፤ ድምፃቸው ትንሽ ሰለለ። «ሰኞ የለሁም። ቁጥሩን ልንገርህና ጻፈው።»

ከኪሱ እስክርቢቶ አወጣ። ወረቀት ፈለገ፤ ያገኘው የዝሆን ጀርባ ነው። ሊጽፍ ጎንበስ ብሎ ቆመ። ዝሆኑን ገልብጦ አየው። ከዚያ ቀና ብሎ እኛን አየን። ሒሳብ ሹሙ የዝሆን ክምሩን ደረቱ ላይ ለጥፎ አቅፎታል፤ እኔ ጣሪያውን እያየሁ ነው። ምን እንዳሰበ አልነገረንም፤ ግን ፊቱ ላይ ስታዩት ቁጥሩን የያዘ ሰው የሁላችንንም ጉድ እንደያዘ፣ የእሱንም ጉድ አንድ ሰው መያዝ እንዳለበት የገባው ይመስል ነበር። እስክርቢቶውን ወደ ኪሱ መለሰ።

«አይንገሩኝ» አለ።

«እንዴት አልነግርህም? ታዲያ ማን ይያዘው?»

«እርስዎ ይያዙት።»

«መጋዘን ሆኜ?»

«እትዬ፣ አያድክሙኝ እንጂ። እዚሁ ሆነው ነዋ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ እኔ ግን ሰማሁት። «ልጄ ሰኞ ደግሞ ቀጭኔ አምጪ ተብላለች።»

እትዬ ከትናንት ጀምሮ መልስ ሲያሰናዱ እንዳደሩ አውቃለሁ። አታለሉኝ ቢላቸው የሚሉት ነበራቸው፤ አባርርዎታለሁ ቢላቸውም የሚሉት ነበራቸው። ለዚህ ግን ምንም አላሰናዱም። ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።  የማንንም ዓረፍተ ነገር ሳያርሙ የማያሳልፉት ሴት «እሺ ልጄ» ብቻ አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ትከሻቸው ሲርገበገብ አየሁ። ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠርጎ ክፍሉ ገባ። እኛም ሁላችን በአንድ ጊዜ ኮምፒውተራችን ላይ አጣዳፊ ሥራ አገኘን።

ትንሽ ቆይቶ ሒሳብ ሹሙ ከወንበሩ ተነሳ። በእጁ ወረቀት የለም፣ የሚታተም ነገርም አልነበረውም። እትዬ ጠረጴዛ ጋ ሄዶ ቆመ፣ እጁን አፋተገ፣ ወዲያ ወዲህ አየ።

«ሚስቴ እንኳ አታውቅም እኮ እትዬ» አለ ቀስ ብሎ።

እትዬ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። ከጎናቸው ያለውን ወንበር በእግራቸው ሳብ አደረጉለት።

«ቁጭ በል» አሉት።